አቶ ጓዴና የእንጨቱ ጣዎስ

ቤት ሲሠራ፣ ጉድጓድ ሲቆፈር፣ የመኪና ጎማ ሲቀየር እጁን ወደኋላ አጣምሮ የሚመክር አንድ ሰው የሌለበት ከተማ በዚህ አገር እስካሁን አልተቆረቆረም። እንዲያውም ከተማው ገና ሲቆረቆር ይህ ሰው ቀድሞ ደርሶ፣ የመጀመሪያውን ምሰሶ የሚተክሉትን ሰዎች «ወደ ግራ ጠጋ አድርጉት» ሳይላቸው አልቀረም። ማንም አይጠራውም፤ እሱም አይቀርም። ማንም አልሾመውም፤ ስለዚህ ማንም ሊሽረው አይችልም። ሥራው ካማረ «እኔ ባልኖር ኖሮ» ይላል፤ ከተበላሸ ደግሞ «መክሬ ነበር» ይላል። በሁለቱም በኩል ተሸንፎ አያውቅም።

የቢቸናው አቶ ጓዴ ናቸው።

ክቡር አማካሪያችን ጡረታ የወጡት ከአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሌላው ሰው አካፋና ዶማ ሲያድሉ ኖረው፣ አካፋው ወጥቶ ምን እንደሚሠራ የማየት ዕድል አላገኙም ነበር። ጡረታ ሲወጡ ያንን ሁሉ ዘመን ሊያካክሱ ቆርጠው ተነሡ። ጠዋት ጋቢያቸውን ደርበው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ከቤት ይወጣሉ። የመዶሻ ድምፅ ከሰሙ ወደ መዶሻው፣ የመጋዝ ድምፅ ከሰሙ ወደ መጋዙ ያመራሉ። ከተማው ዝም ካለባቸው ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ገብተው፣ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው ከኋላው ዞረው ያዩና «በግራ በኩል ከበድ አላለም?» ይላሉ። ሰውየው የዚያን ዕለት ሊከረከም ገብቶ ተላጭቶ ይወጣል።

አንድ ቅዳሜ ጤፍ የጫነ አይሱዙ በገበያው ጠባብ በር ወደኋላ ሲገባ ከተፍ አሉ። «ና፣ ና፣ አለህ፣ ገና አለህ» እያሉ በሁለት እጃቸው ሲጠሩት የኋላ ጎማው ቦይ ውስጥ ሰመጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ ሹልክ ብሎ ይጠፋ ነበር። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ እንግዲህ የማውጣቱን ነገር ለእኔ ተዉልኝ አሉ። ድንጋይ የሚያቀብለውን፣ የሚገፋውን፣ ገመድ የሚስበውን መደቡ። መኪናው ሲወጣ ሾፌሩ ከልቡ አመስግኗቸው ሄደ። ቀብር ላይ እንኳ አይመለሱም። አንድ ጊዜ አስከሬኑ ሊወርድ ሲል ጉድጓዱ ወደ ምሥራቅ በደንብ አልዞረም ስላሉ፣ ሲያለቅስ የነበረው ዘመድ አዝማድ ሁሉ ለቅሶውን አቁሞ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣ ሲከራከር ቆይቷል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ይርጋነሽ ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሴት ናቸው። የወጡን ጨው፣ የሊጡን ውፍረት፣ የበሩን አከፋፈት በተመለከተ ከበቂ በላይ ምክር ስለሰሙ፣ ጠዋት ጋቢውን አራግፈው ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጉላቸውና በደግነት ወደ በሩ ይመሯቸዋል።

ከዚያ በር ወጥተው ቀጥታ የሚሄዱት ወደ እንዳለው ነበር።

እንዳለው እንጨት ሠሪ ነው። ሱቁ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ነው። አልጋ፣ ቡፌ፣ ቁም ሳጥን እንደማንኛውም አናጢ ይሠራል፤ ስሙ የሚጠራው ግን በሌላ ነገር ነው። ቀለማቸው የተለያየ እንጨቶችን እንደ ወረቀት እስኪሳሱ ድረስ ይሰነጥቃቸዋል፤ በስስ መጋዝ አበባውን በአበባ ቅርፅ፣ ቅጠሉን በቅጠል ቅርፅ ይቆርጣቸዋል፤ ከዚያም አንዱን ከሌላው ጎን ገጥሞ በኮላ ይለጥፋቸዋል። ሲለሰልስና ቫርኒሽ ሲቀባ የቁም ሳጥኑ በር ላይ ሥዕል ይወጣል፤ ቡናማው ከዋንዛ፣ ቢጫው ከዝግባ፣ ቀዩ ከጥድ፣ ዥንጉርጉሩ ከወይራ። ቀለም የሚባል ነገር አይነካውም። የቢቸና ሰው «የእንጨት ጥልፍ» ይለዋል። እንዳለው ሥራውን ባሕር ዳር ከአንድ ሽማግሌ ተምሮ ነው የመጣው፤ በአገሩ ግን ገና ብዙ ሰው አላመነውም። ሰው በእንጨት ላይ ሥዕል ሲያይ መጀመሪያ በጥፍሩ ይቧጭረዋል።

እንግዲህ ወይዘሮ ሰርካለም የሚባሉ የሞጣ ነጋዴ መጥተው፣ ለልጃቸው ለጸደንያ ሠርግ የሚሆን ትልቅ ባለ ሁለት በር ቁም ሳጥን ሲያዙት የእንዳለው ልብ ዘለለ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሞጣ ውስጥ ትልቅ ሠርግ ነው። ቁም ሳጥኑን የሚያየው ሰው ብዛት ሲታሰብ፣ ሥራው ካማረ ከዚያ ወዲያ ማንም በጥፍሩ አይቧጭረውም፤ ከተበላሸ ደግሞ ወደ ተራ አልጋ መመለስ ነው። ወይዘሮ ሰርካለም ስልካቸውን አውጥተው አንድ ጭራውን የዘረጋ ጣዎስ አሳዩት። በሁለቱ በሮች ላይ ይሁንልኝ፤ በሩ ሲዘጋ ጣዎሱ ይገጥማል፣ ሲከፈት ጭራው ለሁለት ይከፈላል አሉት። እንዳለው እሺ አለ።

አቶ ጓዴ ይህን የሰሙት በማግስቱ ጠዋት ነው፤ ወዲያውም ኃላፊነቱን ተረከቡ።

በመጀመሪያ ጣዎሱን ራሱን ተቃወሙ። እዚህ አገር ጣዎስ ማን አይቶ ያውቃል፣ እኔ ብሆን አውራ ዶሮ አደርገው ነበር፣ አውራ ዶሮ ሠርግም ያውቃል አሉ። እንዳለው ሴትዮዋ ያዘዙት ጣዎስ ነው ብሎ ሲመልስላቸው ጣዎሱን በግድ ተቀበሉት፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድ ላባ ያለ ክርክር አላለፈም። ጭራው በዝቷል። እግሩ አጥሯል። ዓይኑ ሰው ያያል። ምንቃሩ የእርግብ እንጂ የጣዎስ አይደለም። እንዳለው ስሱን መጋዝ ይዞ እስትንፋሱን ውጦ በሚቆርጥበት ሰዓት፣ ከጀርባው «እኔ ብሆን» የምትለው ቃል ስትመጣ መጋዙ ይንቀጠቀጣል። ጥርሱን ነክሶ «ይሁን ጋሽ ጓዴ» ይላል። አማካሪው ይህን እንደ ስምምነት ይወስዱትና ወደሚቀጥለው ላባ ያልፋሉ።

የጣዎሱ አንገት ላይ ሲደርሱ ነገሩ ከረረ። አንገቱ ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊ እንጨት ደግሞ የለም። እንዳለው ብዙ ካሰበ በኋላ ለአንድ ጊዜ ብቻ ሕጉን ሊያፈርስ ወሰነ። ከገበያ የቆዳ ቀለም ገዝቶ እንደ ወረቀት የሳሳውን የዝግባ ቁራጭ ነከረበት። አቶ ጓዴ አጠገቡ ቆመው፣ ቫርኒሹ ሲነካው ይለቃል አሉ። እንዳለው አልሰማቸውም። በዚያ ሳምንት ብቻ ስለ ኮላው፣ ስለ ማጥበቂያው ሞርሳ፣ ስለ በሩ ማጠፊያና ስለ ራሱ አቀማመጥ ምክር ሰምቶ ነበርና፣ ከዚያ ሁሉ መካከል ይቺኛዋ ትክክል መሆኗን በምን ያውቃል?

ለቀቀ። ቫርኒሹ እንደተቀባ የአንገቱ ሰማያዊ ወደ ደረቱ፣ ከደረቱም ወደ ላባዎቹ ፈሰሰ። በፀሐይ ከብርጭቆ ወረቀት ጋር ሲታገል ዋለ፤ አልሆነም። የበሩን ግማሽ ላጠውና ጣለው። እንደ አዲስ መጀመር ነበረበት።

አቶ ጓዴ በዚያ ቀን ከሱቁ ሲወጡ ፊታቸው ያዘነ ይመስል ነበር። ሆኖም ወደ ቤታቸው በቀጥታ አልሄዱም። በወፍጮ ቤቱ፣ በፀጉር አስተካካዩ፣ በጠላ ቤቱ በኩል ዞረው ሄዱ፤ በየደረሱበትም «መክሬው ነበር» እያሉ። ሲመሽ ቢቸና ውስጥ ጣዎሱ መልቀቁን ያልሰማ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ደግሞ መፍትሔ ይዘው መጡ። ከአንድ የፈረሰ አሮጌ ማድ ቤት ጭስ የጠጣ ጥቁር ወጋግራ አሸክመው ነበር። ለአንገቱ የሚሆን እንጨት ስትፈልግ አልነበር፣ ይኸው አሉት፤ ሰማያዊው ከጠፋ ጥቁር ያምራል፤ የቁራም አንገት ጥቁር ነው። እንዳለው እንጨቱን ሰነጠቀው። ጥቁረቱ ከላይ ብቻ ነበር፤ ውስጡ እንደ ስንዴ ዳቦ ነጭ። አቶ ጓዴ ለጥቂት ጊዜ አዩትና፣ በሌላው ጫፍ በኩል ብትሰነጥቀው ይሻል ነበር አሉ።

እውነተኛው ጥቁር የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው፤ አገኛኘቱም ለብዙ ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። አቶ ጓዴ ከወጋግራው ሽንፈት በኋላ ጥፋት ፍለጋ ሱቁን መዞር ጀመሩ። ከጥግ፣ ዝናብ ከሚያፈሰው ቆርቆሮ ሥር አንድ የግራር ጣውላ አገኙ። ጣውላው ላይ የዛገ ምስማር ተቀምጦበት ኖሮ፣ ዙሪያውን አጥቁሮታል። አነሱትና ወቀሳ ጀመሩ፤ ይህን የመሰለ ጣውላ በምስማር ታበላሻለህ፣ ይኸው ዘልቆ ገብቷል፣ ከጀርባውም ወጥቷል፣ እኔ በነበርኩበት ግምጃ ቤት ይህ ቢገኝ ሰው ይባረር ነበር እያሉ። እንዳለው ጣውላውን ከእጃቸው ተቀበለ። ገለበጠው። ጥቁረቱ ከፊት እስከ ጀርባ አንድ ነው። በመላጊያ ላገው፤ ከሥሩም ጥቁር ነው። በምራቁ አርሶ በሸሚዙ እጅጌ ፈተገው፤ አልለቀቀም።

የዚያኑ ዕለት የዛገ ምስማር ለቅሞ በአቼቶ ዘፈዘፈ። ውኃው ሲጠቁር ከግራር የሰነጠቀውን ስስ ቁራጭ ከተተበት። ሲያወጣው የቁራጩ ጥቁረት እንደ ጣዎስ አንገት ነበር፤ በአንድ ወገን ሲያዩት ጥቁር፣ ብርሃን ሲያርፍበት ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ቫርኒሽ ቀባበት። ንቅንቅ አላለም። እንዳለው ብቻውን ሳቀ፤ ከዚያ ብቻውን እንዳልሆነ አስታወሰ። አቶ ጓዴ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ቆመው፣ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ «አየህ?» አሉት።

ቢቸና እንግዲህ ሌላ ወሬ አገኘ፤ ጥቁሩን ያገኙት አቶ ጓዴ ናቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ ወሬው አድጎ፣ ጣዎሱን የሚሠሩት አቶ ጓዴ ሆኑ፤ እንዳለው ኮላ ያቀብላል። አንድ የደጀን ሰው፣ ቡፌ ለማዘዝ የመጣ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ አቶ ጓዴን ጨብጦ ስለ እጃቸው ጥበብ አመሰገናቸው። አቶ ጓዴም አላስተባበሉም። እግዜር ይስጥልኝ አሉና የቡፌውን ስፋት ይጠይቁት ጀመር።

እንዳለው መዶሻውን አስቀመጠ። ሰውየው እስኪሄድ ጠበቀ። ከዚያ በትሕትና፣ ግን ዓይናቸውን እያየ «ጋሽ ጓዴ፣ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ እባክዎ አይምጡብኝ» አላቸው።

አቶ ጓዴ አልተቆጡም። ያ ነው የከፋው። ባርኔጣቸውን አነሱ፣ መልሰው ደፉት፣ «መልካም» ብለው ሄዱ።

የመጀመሪያው ቀን ለእንዳለው ዕረፍት ነበር። መጋዙ አልተንቀጠቀጠም፤ ጭራው ቶሎ ቶሎ ሄደለት። በሁለተኛው ቀን አንድ ላባ ቆርጦ ከፍ አድርጎ ያዘና ወደ ጀርባው ዞረ። ማንም የለም። ላባውን ራሱ አየው። ጥሩ ይሁን አይሁን መለየት አቃተው። የሚቃወመው ሰው ቢኖር እኮ ተከራክሮ ያረጋግጠው ነበር። አቶ ጓዴ ጠዋት ጠዋት በመንገዱ ማዶ፣ አንገታቸውን እንደ ወታደር ቀጥ አድርገው ያልፋሉ፤ ማዶ ግንብ ከሚገነቡት ሰዎች ዘንድ ይቆማሉ። ግንበኞቹን ግን አይመክሩም። ግንበኞቹ ራሳቸው ምን ሆኑ ብለው ተጨነቁ ይባላል።

በሳምንቱ ወይዘሮ ይርጋነሽ በነጠላቸው ተሸፋፍነው ሱቁ ድረስ መጡ። ጣዎሱን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

«ልጄ፣ ምን አስቀይሞህ እንደሆነ አልጠይቅህም፤ አውቀዋለሁ። እኔንም ዕድሜዬን ሙሉ አስቀይሞኛል» አሉ። «ግን ቤት ዋለ። ቤት ሲውል ዝም ይላል። ጨው ስጨምር አይቶ ዝም ይላል። እኔ ደግሞ ጨው መመጠን ረስቻለሁ።»

እንዳለው ሥራው ሲያልቅ ራሴ እጠራቸዋለሁ ብሎ ሸኛቸው። ኩራቱ ከዚያ በላይ አላስኬደውም። የመጨረሻውን ሞርሳ የፈታው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱን በሮች አቁሞ በጨርቅ ወለወላቸውና ወደኋላ አፈገፈገ። ጣዎሱ እዚያ ቆሟል፤ አንገቱ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጭራው እስከ በሩ ጫፍ ድረስ በዝግባና በወይራ ዓይኖች ተሞልቶ። በሕይወቱ ከዚህ የተሻለ ነገር ሠርቶ አያውቅም። ደጃፉን ተመለከተ። የወፍጮ ቤቱ አህዮች ጭነታቸው እስኪወርድ ይጠብቃሉ። ሌላ ማንም አልነበረም።

ቁም ሳጥኑ ወደ ሞጣ የሚሄድበት ቀን ጠዋት እንዳለው ከተሸካሚዎቹ ጋር ሆኖ አይሱዙው ላይ ጭኖ፣ በገመድ አስሮ፣ ሸራ አልብሶ ሲጨርስ ወደ ጋቢናው ሄደ። አቶ ጓዴ ተቀምጠዋል። የእሑድ ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ጋቢው ንጹሕ ነው፤ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመዋል። ሞጣ ዘመድ አለኝ አሉ። ሞጣ ዘመድ እንደሌላቸው ሁለቱም ያውቁ ነበር። እንዳለው ከጎናቸው ገብቶ በሩን ዘጋ።

ሾፌሩ ያንን መንገድ ከአባቱ ቤት በላይ የሚያውቀው ሰው ነበር፤ ያም ሆኖ ከቢቸና እስከ ደብረ ወርቅ ስለ እያንዳንዱ መታጠፊያ ማብራሪያ ተሰጠው። ደብረ ወርቅ ላይ አስቁመው ገመዱን ፈተሹ። ግንደወይን ሲደርሱ ካፊያ ጀመረ። ካፊያው ምንም አልነበረም፤ ነገር ግን ነፋሱ የሸራውን አንድ ጫፍ ፈትቶ ያራግበው ነበር፤ ውኃ ደግሞ በዚያ በኩል ከገባ ኮላውን ይፈታል። እንዳለው ወርዶ ሊያስረው ሲል ገመዱ ተበጥሶ አጠረው። ቀና ሲል አቶ ጓዴ ከዘራቸውን ለሾፌሩ ሰጥተው የጭነቱ ሳጥን ላይ እየወጡ ነው። እንዳለው ይውረዱ፣ እኔ ልያዘው ብሎ ለመናቸው። አንተ ሴትዮዋ ፊት ሳትበሰብስ ነው መቅረብ ያለብህ አሉት። ሸራውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ተቀመጡ። ሞጣ እስኪገቡ ድረስ የጋቢናውን ጀርባ በእግራቸው እየደበደቡ፣ ቀስ በል፣ ጉድጓድ አለ፣ ከብት አለ ይሉ ነበር። ሾፌሩም ይኸው እሺ፣ ይኸው እሺ እያለ ነዳ።

የወይዘሮ ሰርካለም ግቢ በሠርግ ሥራ ተጠምዷል። ዳስ ይተከላል፣ ድንች ይላጣል፣ ወንበር ይወርዳል። ቁም ሳጥኑን ሳሎን አስገብተው ሸራውን ሲገፍፉት የሰው ሁሉ ድምፅ ቀጥ አለ። እንዳለው ያንን ዝምታ ሊያጣጥም ሲጀምር፣ ከሰዎቹ መካከል አንድ ረዘም ያሉ ሰው እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ወጡ። የወይዘሮ ሰርካለም አማች ናቸው፤ አቶ ባንተአምላክ ይባላሉ። እንዳለው ያንን አቋቋም ወዲያው ለየው። የሞጣው አማካሪ መሆናቸው ነው።

አቶ ባንተአምላክ በሩን ከፈቱ፣ ዘጉ። አንዱን ላባ በጥፍራቸው ነካ አደረጉ። ከዚያ በጣም በተረጋጋ ድምፅ ጀመሩ፤ እኔ ብሆን አንገቱን አላጠቁረውም ነበር፣ የጣዎስ አንገት ሰማያዊ ነው። እግሩም አጥሯል። ጭራው ደግሞ በዝቷል፤ ዓይን ያስቸግራል።

ወይዘሮ ሰርካለም ስልካቸውን አወጡ። ሥዕሉን አዩ፣ በሩን አዩ። እውነትም ሰማያዊ ነው፤ እስካሁን አላስተዋሉትም ነበር፤ አሁን ግን ከሰማያዊው ሌላ የሚታያቸው ነገር አልነበረም። ምናልባት በሮቹ ተነሥተው መስታወት ቢገባባቸውስ አሉ፤ ጊዜ አለ አይደል? መናገር ያለበት እንዳለው ነበር፤ ነገር ግን ሠሪ ሰው ለገዛ ሥራው ሲሟገት ማንም እንደማያምነው ያውቃል።

በዚህ ጊዜ አቶ ጓዴ፣ ኮታቸው በካፊያው በስብሶ ጀርባቸው ላይ ተጣብቆ፣ ወደ ፊት ወጡ። እግሩንና ጭራውን በተመለከተ እነዚያኑ ሁለት ነገሮች እሳቸው ራሳቸው ከዐቢይ ጾም ጀምሮ ሲናገሩ መክረማቸውን ከእንዳለው በቀር በዚያ ሳሎን ማንም አያውቅም።

«ወንድሜ፣ ሰማያዊ እንጨት አይተው ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁ።

አቶ ባንተአምላክ ጥቂት አሰቡና አላየሁም አሉ።

«የለማ። ሰማያዊ ማድረግ በቀለም ነው፤ ቀለም ደግሞ ይለቃል። ይህ ልጅ በቀለም ሞክሮት ነበር። ሲለቅ የበሩን ግማሽ ልጦ ጣለ። ቀባብቶ ቢያመጣላችሁ ሞጣ ሆናችሁ ምን ታውቃላችሁ? ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነበር የምታውቁት። እሱ ግን ጣለው። ይህ ጥቁር ከራሱ ከእንጨቱ የወጣ ነው፤ በመላጊያ ቢልጉት ከሥሩ ያው ነው። እግሩ አጠረ ላሉት፣ የት ሊሄድ ነው? ቁም ሳጥን ላይ ነው የሚኖረው።»

ድንች ከሚልጡት ሴቶች አንዷ ሳቀች። አቶ ጓዴ አልሳቁም። ወደ በሩ ዞረው ሲቆረጡ ያዩዋቸውን ላባዎች አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ ይናገሩ ጀመር፤ ይቺ ስትቆረጥ ጫፏ ተሰብራ እንደገና ተቆርጣለች፤ ይቺኛዋ ወይራ መስመሯ ወደ ላይ እንዲሄድ ተብሎ ከአንድ ትልቅ ግንድ መካከል ተፈልጋ የወጣች ናት፤ ይቺ ዓይን እዚህ ከመግባቷ በፊት ብዙ እኅቶቿ ምድጃ ገብተዋል። አንድም አልሳቱም። እንዳለው ጆሮውን ማመን አቃተው። አንዳንዶቹን እሱ ራሱ ረስቷቸው ነበር።

«ሲቆርጠው ቆሜ አይቻለሁ» አሉ አቶ ጓዴ በመጨረሻ። «እናንተ የምታዩት የቀረውን ነው። እኔ የጣለውንም አይቻለሁ።»

ከጓዳ በር ላይ ቆማ ስትሰማ የነበረችው ሙሽራዋ ጸደንያ መጣች። እጇ ሂና ስለነበረበት በአንዲት ጣት ብቻ፣ ዓይኗን ጨፍና ጣዎሱን ከአንገቱ እስከ ጭራው ዳሰሰችው። አንዱ እንጨት የት ላይ አልቆ ሌላው እንደጀመረ በጣቷ ፈልጋ አላገኘችም። ዓይኗን ስትከፍት ወደ እናቷ ዞራ መስታወቱ ሌላ ቦታ ይሰቀል አለች። ነገሩ በዚያው አለቀ።

አቶ ባንተአምላክ እንደተሸነፈ ሰው አልሆኑም፤ የዚህ ሙያ ሰው መሸነፍ አያውቅበትም። ይልቁንም ቀስ ብለው ወደ እንዳለው ተጠጉና፣ እኚያን ሽማግሌ በአገጫቸው እያመለከቱ «ምንህ ናቸው?» አሉት።

«ጓዴ ናቸው» አለ እንዳለው።

ስማቸውን መንገሩ ይሁን ዝምድናቸውን፣ አቶ ባንተአምላክ አልጠየቁም። እንዳለውም ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ለራሱ አልለየውም።

ምሳ ከተበላ በኋላ ሁለቱ አማካሪዎች ዳሱ ዘንድ ጎን ለጎን ቆመው ታዩ። አንዱ ምሰሶ ወደ ግራ እንዲጠጋ፣ ሌላው ወደ ቀኝ እንዲመለስ ያዝዙ ነበር። ዳስ ተካዮቹ ሁለቱንም ለማስደሰት ሲሉ አንዱን ምሰሶ ነቅለው መልሰው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ተከሉት፤ ሁለቱም አሁን ሆነ አሉ። ከመለያየታቸው በፊት አቶ ባንተአምላክ ለራሳቸው ቤት የሚሆን ባለ ጥልፍ ጠረጴዛ አዘዙ። ሲሠራ መጥተው ለማየት ፈቃድ የጠየቁት ግን እንዳለውን አልነበረም፤ አቶ ጓዴን ነው።

ወደ ቢቸና ሲመለሱ ስለ ጠቡ አንድም ቃል አልተነገረም።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ጓዴ ሱቁ ደርሰው፣ እንዳለው ለጠረጴዛው የደረደራቸውን እንጨቶች ከላይ ሆነው ተመለከቱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ብሆን» ሊሉ ሲሉ እንዳለው ቀደማቸው። መጋዙን አስቀምጦ ወደ እሳቸው ዞረና ጠየቃቸው።

«ጋሽ ጓዴ፣ ዙሪያው በጥቁር ይከበብ ወይስ በነጭ ይሻላል?»

አቶ ጓዴ ቀጥ አሉ። በዚያ ከተማ መኪና ሲያስወጡ፣ ሙት ሲያዞሩ፣ ግንብ ሲያስፈርሱ ኖረዋል፤ ነገር ግን አንድም ሰው አንድም ቀን አስቀድሞ ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። ወደ ጥቁሩ አዩ። ወደ ነጩ አዩ። ከኋላቸው ያጣመሩትን እጃቸውን ፈትተው ሁለቱን እንጨቶች በየእጃቸው አነሱ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ለወቀሳ እንጂ ለምርጫ እንጨት አንስተው አያውቁም ነበር። ወደ ደጃፉ ወጥተው በፀሐይ አገላበጧቸው። ቆዩ። እንዳለው ሥራ ፈትቶ ጠበቃቸው።

በመጨረሻ ተመልሰው ገቡ። ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት ቀልቷል።

«አላውቅም» አሉ። «ና እስቲ አብረን እንየው።»

እንዳለው እጁን በሽርጡ ጠርጎ ወደ ብርሃኑ ወጣ።